ከቆርቆሮው ሥር የተነጠፈ ሳር

በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው አቶ አበባው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው፤ የመርሳ ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት ሰውን ሁሉ ሹራቡን ሲያስወልቀው እሳቸው ጥቁር በርኖሳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ በጉልበታቸውም ላይ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ማጭድ ይዘዋል። ሁለተኛው አብዱልሐሊም የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። የግራና ልጅ ሲሆን ወልድያ በሙያ ትምህርት ቤት የግንባታ ሥራ ተምሮ በዲፕሎማ ተመርቋል፤ ወገቡ ላይ ሜትር ሰክቷል፤ በእግሮቹ መካከልም በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረጅም ነገር አቁሟል። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር የሽማግሌው ማጭድ ወደ ወጣቱ፣ የወጣቱም ጥቅል ወደ ሽማግሌው ይጠጋል። ሁለቱም የሰው ቤት እየከደኑ እንጀራቸውን የሚያገኙ መሆናቸውን ግን ገና አላወቁም።

ሲሪንቃ ሲደርሱ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እያጉረመረመ ጎማ ሊቀይር ሲወርድ መንገደኛውም ወርዶ ጥላ ጥላውን ያዘ። አቶ አበባው ግን ጥላውን ትተው ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አብዱልሐሊምም ከአክብሮት የተነሣ ሽማግሌ ብቻቸውን አይቀመጡም ብሎ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣» አሉ አቶ አበባው ጥቅሉን እያዩ፤ «ይህ የያዝከው ምንድን ነው? መሰንቆ ነው እንዳልል ፊትህ የዘፋኝ አይደለም።»

«መጋዝ ነው አባባ። ጣራ እመታለሁ፤ ኮርኒስም እሠራለሁ።»

«ጣራ? በሳር ነው በቆርቆሮ?»

«በቆርቆሮ ነዋ! በዚህ ዘመን ደግሞ ማን ሳር ይከድናል?»

«እኔ!» አሉ አቶ አበባው። «አርባ ዓመት በጉባ ላፍቶ ደጋ ስከድን ኖሬያለሁ። እኔ የከደንኩት ቤት ሰባት ክረምት አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። እንግዲህ ከጠላቴ ጋር ነው ለካ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቼ የመጣሁት!»

አብዱልሐሊም ሳቀ። «አብሽሩ አባባ፤ ጠላትዎ እኔ አይደለሁም። ቆርቆሮውስ ምን አደረገዎት?»

«ምን አላደረገኝ!» አሉ አቶ አበባው፤ ሳቃቸውም ጠፋ። «ሚስቴን ወሰደብኝ።»

ሽማግሌው ነገራቸውን ከሥር ጀምረው አጫወቱት። ወልድያ የሚነግደው ልጃቸው ጌትነት ባለፈው ሰኔ የሳር ቤታቸውን አፍርሶ በቆርቆሮ የተከደነ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ሠራላቸው። ክረምቱ ደኅና አለፈ። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲበረታ ግን ቤቱ በረዶ ቤት ሆነ፤ ጎህ ሲቀድ ጣራው እንደ ሰው እያላበው በተኙበት ፊታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች ራሴን ማለት ጀመሩ፤ ከራስ ምታቱ ማቅለሽለሽ፣ ከማቅለሽለሹ ማዞር ተከተለ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ጉልበታቸው ከድቷቸው ወደቁ። መርሳ ያለችው ልጃቸው ህሊና መጥታ ወሰደቻቸው፤ እዚያ በደረሱ በሁለተኛው ቀን ድነው ከጎረቤት ጋር እየሳቁ መጫወት ጀመሩ። ልጅ ናፍቋቸው ነው ተብሎ ወደ ቤት ቢመለሱ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተነሣባቸው።

«አሁን ሦስት ሳምንቷ ነው መርሳ ከገባች፤ እኔም እሷን ለማየት ወርጄ ነው። እሑድ ልጆቹ ይሰበሰቡና እናታችን ለዘለቄታው መርሳ ትኑር ብለው ሊወስኑ ነው። እኔስ? ከብቱንና መሬቱን ለማን ትቼ ልሂድ? አርባ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን አሁን እንደ ተፋታ ሰው ለየብቻ ልንሆን ነው። ስለዚህ ይኸው ማጭድ ገዛሁ። እሑድ ሳይደርስ ቆርቆሮውን አወርድና ሳር እከድናለሁ። ልጄን ጌትነትን ‹እናትህን በቆርቆሮህ ልትገድላት ነው› ብዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አልደወለልኝም። አይደውል!»

አብዱልሐሊም መጠየቅን መረጠ። ትምህርቱ ካስተማረው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ሳይለኩ አለመቁረጥ ነበርና።

«አባባ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መርሳ ያለው የልጅዎ ቤት በምን የተከደነ ነው?»

«በቆርቆሮ።»

«እዚያ ግን እማማ ደኅና ናቸው።»

«የመርሳ ቆርቆሮማ ሞቃት ነው!» አሉ አቶ አበባው። ነገሩ ለራሳቸው ጆሮም ደካማ ሆኖ ስለተሰማቸው በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

«እሺ ይሁን። ራሳቸውን የሚያማቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ማታ ማታና ጠዋት። ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ይተዋታል። ጠበል ስለቀመሰች ነው እላለሁ።»

«አንቱንስ አያምዎትም?»

«እኔ የምተኛው በሩ ሥር መደብ ላይ ነው፤ ከብቶቹን ለማየትም ስገባ ስወጣ ነው የማድረው። ጠዋት ጠዋት ራሴ ይከብደኛል፤ እሱ የዕድሜ ነው።»

«ብርዱን በምን ነው የምትከላከሉት?»

«በከሰል ነዋ። ታደለች ምድጃውን አጠገቧ አድርጋ ጥጥ ትፈትላለች። ደግሞ እንደ ዘመኑ ልጆች ጭሱን አናስገባም፤ ውጭ እናቀጣጥለውና ቀልቶ ጭሱ ፈጽሞ ሲጠፋ ነው የምናስገባው። አንዲት ክር ጭስ አታይበትም።»

«የጣራውና የግድግዳው መገናኛስ? ክፍተት አለው?»

በዚህ ጊዜ የሽማግሌው ፊት በራ፤ ሙያቸው ተጠየቀና። «ክፍተት! የልጄ አናጢዎች ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ትተውልኝ ሄደው ነበር። እኔ አበባው በሳርና በጭቃ ጠቅጥቄ ደፈንኩት። ዝንብ መግቢያ የላትም! መንደርተኛው አይቶ ለእኛም ለእኛም ብሎኝ ለሰባት ጎረቤቶቼ በነፃ ደፍኜላቸዋለሁ።»

«ሳር ቤት ሲሠሩም እንዲህ ይደፍኑ ነበር?»

«እንዴታ! እሱን የማያውቅ ምን ከዳኝ ይባላል?»

«እና ጭሱ በየት በኩል ይወጣ ነበር?»

«በሳሩ ነዋ!» አሉ አቶ አበባው በልጁ አላዋቂነት እየተገረሙ። «ሳር እኮ ይተነፍሳል፤ ዝናቡን ወደ ታች ያንሸራትታል፣ ጭሱን ወደ ላይ ያሳልፋል። ጠዋት ከኮረብታው ላይ ሆነህ መንደሩን ብታይ የቤቱ ጣራ ሁሉ ይጨሳል፤ በአንድ ቀዳዳ እንዳይመስልህ፣ በጠቅላላ ገላው ነው፤ እንደ…»

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ሰው በማያውቀው ሥራ ሲሳሳት ቶሎ ይጠረጥራል፤ አርባ ዓመት በሠራበት እጁ ሲሳሳት ግን እጁን የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። አቶ አበባው ለሚተነፍስ ጣራ የተማሩትን ድፈና፣ ለማይተነፍስ ጣራ አድርገውት ነበር።

«ቆርቆሮ አይተነፍስም፣» አሉ በቀስታ።

«አይተነፍስም አባባ። የቀላ ከሰልም ጭሱ ቢጠፋ እንኳ የሚያወጣው አየር አለ፤ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። መውጫ ካጣ ቤቱን ይሞላና ሰውን ራሱን ያሳምመዋል፣ ያዞረዋል፣ በተኛበትም ይገድለዋል። እማማ ደጅ ሲወጡ የሚሻላቸው ንጹሕ አየር ስለሚያገኙ ነው። መርሳ ሲወርዱ የሚድኑት ደግሞ እዚያ ከሰል የሚያስገባ ብርድ ስለሌለ ነው።»

አቶ አበባው ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። «ሰባት ቤት!» አሉ። «ሰባት ቤት ደፍኛለሁ! የካሳሁን ቤት አራስ አለች!»

አብዱልሐሊም ወዲያው ስልኩን አወጣ። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ህሊና ቁጥሮች የጻፈችበትን ወረቀት ፈልገው ሰጡት፤ ካሳሁን የሚባለው ጎረቤታቸውም አነሣ። አቶ አበባው ስልኩን ተቀብለው ድምፃቸው ያለ ስልክ እንኳ ደጋ የሚደርስ እስኪመስል ጮኹ።

«ካሳሁን! እኔ ነኝ፣ አበባው!… እግዜር ይመስገን… ደኅና ናት… እነሱም ደኅና ናቸው… ሰላምታውን ተወውና ስማኝ! ከሰል ቤት እንዳታስገባ!… አይ፣ አልተሰረቀም! ያቺ አራስ ካለችበት ምድጃውን አውጣ! ያን የደፈንኩልህን ደግሞ በዶማ ናደው!… እኔው ነኝ የደፈንኩት፣ እኔው ነኝ ናደው የምልህ!… ኧረ አልሰከርኩም! በሦስት ሰዓት ምን እጠጣለሁ? በእመቤቴ ይዤሃለሁ፤ ለቀሩት ስድስት ቤቶችም አሁኑኑ ንገር!»

በጥላው ሥር የነበረው መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም ስልኩን መልሰው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር አባባ፣» አለ አብዱልሐሊም ሊያጽናናቸው። «ተማሪ ሳለሁ ወልድያ ቤት ተከራይተን ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። አንድ ብርዳም ቀን ከሰሉን አስገብተን በሩን ዘግተን ተኛን። አከራያችን ወይዘሮ ዓቢዳ ለሱብሂ ሶላት ሳልነሣ ስቀር ተቆጥተው ሊቀሰቅሱኝ መጡ። በሩን ቢደበድቡ መልስ የለም፤ በትከሻቸው ገንጥለው ገቡና አንድ በአንድ ጎትተው ደጅ አስተኙን። አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ ከአንቱ ጋር የምጫወተው በእሳቸው ትከሻ ነው። እኔም እስካሁን በዒድ በዒድ እየሄድኩ እዘይራቸዋለሁ።»

«ትከሻቸው ይባረክ፣» አሉ አቶ አበባው። ወዲያው ግን ዓይናቸው እንደገና ጠነከረ፤ በአንድ ክርክር ተረትተው እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩምና። «እንግዲህ ራስህ መሰከርክልኝ! ሳር ይተነፍሳል፣ ቆርቆሮ አይተነፍስም። ስለዚህ ማጭዴ ትክክል ነው፤ ቆርቆሮው ይወርዳል!»

አብዱልሐሊም ራሱን አከከ። «አባባ፣ ለመሆኑ ለአንድ ቤት የሚበቃ የክዳን ሳር ዛሬ ከየት ያገኛሉ?»

«ከ… ድሮ እንኳ ከወንዙ ማዶ ነበር። አሁን ታርሷል።»

«በየስንት ዓመቱስ ይታደሳል?»

«ደኅና ከተከደነ በሰባት፤ ካልሆነ በአራት።»

«በሚቀጥለው እድሳት አንቱ ሰማንያ አንድ ይሆንዎታል። ጣራ ላይ ይወጣሉ?»

«እወጣለሁ!» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ማን እንደሚያወርደኝ ነው እንጂ የማላውቀው» ብለው ሳቁ።

«ሳር ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ደግሞ ዓይኑን ይታመማል፤ ያ ጭስ በሳሩ ከመውጣቱ በፊት በሰው ዓይንና ሳንባ በኩል ያልፋልና። እሳት ቢነሣም አንድ ጭራሮ መንደሩን ይጨርሳል። ቆርቆሮ ደግሞ የዝናብ ውሃ ይሰበስብልዎታል፤ እማማ ምንጭ መውረድ ይቀርላቸዋል። መተንፈሻ ከተከፈተለት የቆርቆሮ ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሙቀት አይዝም። ቀን የሞቀውን ሌሊት ለሰማይ ይሰጠዋል። ሳር ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ታዲያ ሁለቱን ለምን እናጣላቸዋለን? ቆርቆሮው ከላይ ሆኖ ዝናቡን ይከላከል፤ ሳሩ ከሥሩ ሆኖ ሙቀቱን ይያዝ። ኮርኒስ ማለት ይኸው ነው።»

«ኮርኒስማ ወልድያ ቢሮ ውስጥ አይቻለሁ፤ ስስ ጣውላ ነው። በጣት ብትነካው ይበሳል።»

«እውነትዎን ነው። ለደጋ እሱ ብቻውን አይበቃም። እኔ የማስበው ሸምበቆ ደርድረን ከሥሩ ጭቃ መርገን፣ ከላዩ ደረቅ ሳር ማንጠፍ ነው። ጭቃው ሳሩን ከእሳት ይጠብቀዋል። የመብራቱን ገመድ በቱቦ አድርገን በግድግዳው በኩል እናሳልፈዋለን፤ ሳሩን እንዲነካ አንተወውም።»

«ሳሩን እንዴት ነው የምታነጥፈው?»

«እንዲሁ እበትነዋለሁ።»

አቶ አበባው ከልባቸው ሳቁ። «እንዲሁ ትበትነዋለህ! ልጄ፣ አንተም እንደኔ ልትሳሳት ነው። የተበተነ ሳር በዓመቱ ይተኛል፤ የተኛ ሳር ደግሞ ሙቀት አይዝም። እንደ ነዶ ጠበቅ አድርገህ ታስረውና እስሩን ከእስሩ ጋር ታስጠጋዋለህ። አይጥ እንዳይፈለፍልበት ደግሞ በየመሐሉ አመድ ትነሰንሳለህ። ይህን በዲፕሎማህ አላስተማሩህም?»

«ወላሂ አላስተማሩኝም፣» አለ አብዱልሐሊም፤ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አንሥቶም በማዳበሪያው ከረጢት ላይ ጻፈ።

ሁለቱ ሲከራከሩ ጎማው ተቀይሮ ነበር። ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ስለ ሸምበቆ ውፍረት ተከራከሩ፤ ወልድያ ሲደርሱ አብዱልሐሊም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜትሩን ይዞ ወደ ደጋ ሊወጣ ተስማሙ። አቶ አበባው መንደር እንደ ደረሱ በርኖሳቸውን ሳያወልቁ በዶማ የገዛ እጃቸውን ሥራ መናድ ጀመሩ። የካሳሁን አራስ ምጣዱ እንኳ ሳይቀር ከጓዳዋ ተነሥቶባት፣ ፀሐይ ላይ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣ ስትስቅባቸው አገኟት፤ እሳቸው ግን ያቺን ሳቅ በሰሙ ጊዜ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ አዩ።

በቀጣዮቹ አራት ቀናት ሥራው ተሠራ። አዲሱ ማጭድ ከየድንበሩ የቀረውን ሳር አጨደ፤ ለኮርኒስ የሚበቃው ለክዳን ከሚያስፈልገው ሩቡን እንኳ አይሞላምና። አብዱልሐሊም ሸምበቆውን መታ፤ ሽማግሌው ሳሩን አሠሩ፤ ጎረቤቱ ጭቃ አቦካ። ከበሩ በላይ አንድ፣ በትይዩው ግድግዳ ላይ አንድ፣ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት መተንፈሻዎች ተከፍተው በወንፊት ሽቦ ተሸፈኑ። በበሩ ሥር ያለው ነፋስ የሚያፏጭበት ክፍተት ግን በአሮጌ ጎማ ተዘጋ፤ አየር በሚፈለግበት እንጂ በእግር ሥር እንዲገባ አያስፈልግምና። ከሰሉ ከነምድጃው ማድቤት ገባ። ዓርብ ሌሊት ውርጩ ደጅ ያለውን የባልዲ ውሃ ሲያጋግር፣ አቶ አበባው ያለ እሳት በአንድ ጋቢ አደሩ። ጠዋት ሲነሡ ከጣራው ጠብታ አልነበረም፤ ራሳቸውም አልከበዳቸውም። የዕድሜ ነው ያሉት ክብደት ያኔ ነበር የከሰል እንደ ነበረ የገባቸው።

እሑድ መርሳ ላይ በህሊና ቤት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ጌትነትም ከወልድያ መጥቶ ከአባቱ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ህሊና «እንግዲህ ስለ እማማ…» ብላ ንግግር ስትጀምር አቶ አበባው ተነሥተው ቆሙ።

«ከእናታችሁ ነገር በፊት የኔን ስሙኝ፣» አሉ። «ጌትነት፣ ቅረብ። በቆርቆሮህ እናትህን ልትገድላት ነው ብዬህ ነበር። እናትህን ያሳመማት ያንተ ቆርቆሮ አይደለም፤ የኔ እጅ ነው። ቤቱን አፍኜ ከሰል አስገባሁበት። አንተ ዝናብ የማያስገባ ቤት ሰጥተኸኝ እኔ ሳላመሰግንህ ሰደብኩህ። አሁን አመሰግንሃለሁ፤ ዘግይቼ ቢሆንም ተቀበለኝ።»

ጌትነት ተነሥቶ የአባቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ቢል ሽማግሌው ቀድመው አቀፉት።

ከዚያ አቶ አበባው የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዱ። ከሰል ምንም ቢቀላ ሰው በሚተኛበት ቤት እንደማይገባ፣ ቤት የሚሞቀው እሳት በማብዛት ሳይሆን ያለውን ሙቀት በመያዝ እንደሆነ፣ ከሰሉ በግማሽ እንደቀነሰና ሰባቱም ጎረቤቶች ቤታቸውን እንዳስከፈቱ ነገሯቸው። አንድ የግራና ወጣት በመንገድ ላይ ባይገጥማቸው ኖሮ ዛሬ በልቅሶ ላይ ይሰበሰቡ እንደነበር ተናግረው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

«ያን ልጅ ብቻውን አልተወውም። በደጋው ሁሉ ቆርቆሮ ገብቷል፤ ኮርኒስ ያለው የለም። እሱ ሸምበቆ ይመታል፣ እኔ ሳር አሥራለሁ። ከነገ ሰኞ ጀምሮ በሰባ አራት ዓመቴ ሥራ እገባለሁ። ታደለች ግን የት ትኑር የሚለውን እኔም እናንተም አንወስንም፤ የታመመችው እሷ ናት፤ እሷ ትናገር።»

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ታደለች ዞሩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«መርሳ ሞቃት ነው፣» አሉ። «ልጄም ተንከባክባኛለች። ጎረቤቱም ጨዋታ ያውቃል።»

አቶ አበባው አንገታቸውን ደፉ።

«ጣራው አሁንም ፊቴ ላይ ያንጠባጥባል?»

«አያንጠባጥብም።»

«ጥጤን የምፈትለውስ ምን እየሞቅኩ ነው?»

«ማድቤት ውሃ አሞቅና በጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ጉያሽ ውስጥ አደርግልሻለሁ። እኔ ራሴ።»

«አንተ ራስህ ውሃ ልታሞቅ!» ብለው ወይዘሮ ታደለች ሳቁ፤ ልጆቹም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ልጆቻቸው መለሱ።

«ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለኔ ብላችሁ ተሰብስባችኋል። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። መርሳን በፋሲካ መጥቼ አያታለሁ። ቆርቆሮው ይቆያል፣ ሳሩም ይቆያል፣ አባታችሁም ይቆያል። በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ፍም ከሰል ያየሁ ዕለት ግን ወደ መርሳ የሚወርደው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»